በሽንኩርት መኪና የሚጓዘው ቡድን

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሰርግ አዳማ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያ የተሳፈርኩባት ባጃጅ አትክልት ተራ አጠገብ ስትደርስ መንገድ ተዘጋባትና ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆመች። ጫኝና አውራጆቹ የሽንኩርት ጆንያ ያወርዳሉ። ፀሐይ ላይ የዋለ የሽንኩርት ጆንያ የራሱ የሆነ ሽታ አለው፤ አፈር አፈር፣ ላብ ላብ ይላል፤ ከስር ደግሞ የተጨፈለቀ ነገር ሽታ አለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ይከረፋል» አለኝ ባለባጃጁ።

ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ፈገግ ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው፤ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በራችን ላይ ቆሜ መኪና ስጠብቅ ይይዘኝ የነበረው ያው ፍርሃት።

አባቴ ካሳሁን ኮሌጅ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። የኮሌጁን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥነውም እሱ ነው። ቡድኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአካባቢው ከተሞች ቡድኖች ጋር ይጫወታል፤ አንዴ እዚሁ አዳማ፣ አንዴ ሞጆ፣ አንዴ መቂ ወይም ባቱ። ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። ከተማው እንዲህ ያለ ቡድን እንዳለው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ጨዋታ ባለበት ቀን ሜዳው ዳር ከሚቆመው ተመልካች ይልቅ ፈረሱን ሣር ሊያስግጥ የመጣው ባለጋሪ ይበዛል። የኮሌጁ ተማሪዎች እንኳን ቅዳሜን ልብስ ሲያጥቡ ነው የሚውሉት።

አንድ ምሽት እራት ከበላን በኋላ ወደ መኝታ ክፍል ተላክሁ። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ሰማሁ።

«የኮሌጁ ዲን አስጠርተውኝ ነበር» አለ አባቴ። «ከእንግዲህ የአውቶብስም የውሎ አበልም በጀት የለም ነው የሚሉት። የልጆቹ ማደሪያም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ስፖንሰር ካልመጣ ቡድኑ ዘንድሮ ይፈርሳል።»

እናቴ ሳህን ስታነሳ ተሰማኝ።

ይፈርሳል የሚለውን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ። በዚያው ሰሞን መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ከእኛ ዝቅ ብሎ ያሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ዶዘር መጣ። የጓደኛዬ የሰናይት ቤት እንዲያ ነው የጠፋው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ከሰርቪስ ቤታችን ጀርባ ዞሬ ግድግዳውን መፈተሽ ጀመርኩ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው የቡድኑ በረኛ ገመቹ ነበር። ከአቦምሳ የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ ኮሌጁ ከሌሎቹ ቀድሞ ማደሪያውን ሲወስድበት አባቴ እኛ ጋ አምጥቶ አስገባው። እኔ ወንድም የለኝም። እሱ ከመጣ ወዲህ ግን ለሰው ሁሉ ወንድም አለኝ እል ነበር።

«አካም ቡልቴ ቤዛ ኮ» አለኝ የጥርስ ብሩሹን ይዞ ብቅ ብሎ። እንዴት አደርሽ የእኔ ቤዛ ማለቱ ነው። «ምን ጠፋብሽ?»

«ቀይ ቀለም እየፈለግሁ ነው። ቡድኑ ሊፈርስ ነው ብሏል አባዬ።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ከእኔ ጋር ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። እጁንም አሳለፈበት።

«የለም» አለ። «እስካሁን የለም።»

ስፖንሰር የሚባለው ደግሞ ሰው መሰለኝ። መኪና ያለው፣ ወፍራም፣ ራሰ በራ ሰውዬ አድርጌ ሣልኩት። አባቴ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ቡናማ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ሆቴል፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ መድኃኒት ቤት፣ ያልዞረበት የለም። ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ይጥላል። እኔም እየሮጥኩ «ስፖንሰር ዛሬም የለም?» እላለሁ። «ዛሬም የለም ቤዚ።» እናቴን ስፖንሰር ሲመጣ ምን እንደምንሠራለት ስጠይቃት «ይምጣ ብቻ፤ ዶሮም ቢሆን እንሠራለታለን» አለችኝ።

አንድ እሑድ አባቴ ኮት የለበሰ ሰው ይዞ መጣ። ወፍራም አልነበረም፤ ፀጉሩ ግን ትንሽ ሳስቷል። የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሻይ ተቀዳለት። አባቴ ስለ ቡድኑ ሲያወራ ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ስኳሩን ያማስላል። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቀረብኩና ልጠይቀው ስጠብቅ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«ስፖንሰር እርስዎ ነዎት?»

ሰውዬው አባቴን አየ፤ ከዚያ የገዛ ጫማውን። «አይ የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳን...» አለና አልጨረሰውም። ሻዩንም አልጨረሰውም። ከሸኘው በኋላ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አልተቆጣኝም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አትክልት ተራ ውስጥ መጋዘን ነበራቸው፤ የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴ ናቸው። አንዲት ቀይ የጭነት መኪናም አለቻቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ቀይዋ» ይላታል። ቀይዋን የሚነዳት ሁሴን የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። አባቴ እሳቸውን ለመጨረሻ ያቆያቸው አፋቸውን ስለሚፈራ ይመስለኛል።

«ኳስ ለሚራገጥ ወጠምሻ የምሰጠው ብር የለኝም» አሉት፤ ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠው። «ግን ቀይዋ ቅዳሜ ጠዋት ባዶዋን ወደ መቂና ባቱ ትወርዳለች። ልጆችህን ጫንባት።»

የአባቴ ፊት በራ። እናቴ ግን የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቴ አስቴር ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች።

«እትዬ፣ እርስዎ መኪና ላይ የሚጫነውን ነው የሚያውቁት» አለች። «እኔ የማውቀው የማወርደውን ነው።»

«ባዶ መኪና እኮ ነው አስቱ» አለ አባቴ።

«ሲሄድ ባዶ ነው። ሲመለስስ?»

ስትመለስ ሽንኩርት እስከ አፏ ሞልቶባት ነው። አባቴ ተነስቶ እናቴ ፊት ቆመ። «በጭነት ላይ አንድም ልጅ አይወጣም። ስንመለስ በሚኒባስ ነው የምንመጣው። ቃሌ ነው።»

እናቴ ብርጭቆዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ ዘነበች ያንን እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለእኔ የጭንቀት ቀን ሆነ። ጠዋት ተጫዋቾቹ ቀይዋ ላይ ዘልለው ሲወጡ፣ ገመቹ ጓንቱን እያውለበለበ ሲሰናበተኝ ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን እናቴ ሬዲዮ አትከፍትም። መንገድ ላይ አምቡላንስ ከጮኸ የያዘችውን ትታ ትቆማለች። እኔ ደግሞ በራችን ላይ ቆሜ የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ ነጭ ፈረስ ያለው ጋሪ ካለፈ በሰላም ይመጣሉ፤ ጥቁር ካለፈ ደግሞ እንደገና ነጭ እስኪያልፍ ምራቄን አልውጥም። አዳማ ያኔ ጋሪው ብዙ ነው። የነጭ ፈረስ እጥረት ግን ነበረባት።

የመጀመሪያው የመቂ ጨዋታ ቀን ገመቹ እንደተመለሰ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደ። በልብስ ሳሙና ክንዱን ይፈትጋል፤ አንገቱን ይፈትጋል።

«አሸነፋችሁ?» አልኩት።

«ገና ሜዳ ሳንገባ ሸተቱን» አለኝ። «ካልሲዬ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አዩ። ‹ሽንኩርት! ሽንኩርት! ክተፈው! ክተፈው!› እያሉ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ...» ሳሙናውን ወረወረው። «ከተፉን።»

ስሙ ከእነሱ ቀድሞ አዳማ ገባ። በየሄዱበት ሜዳ ሽንኩርት ነበሩ። የኮሌጁ ተማሪዎች ቡድናቸው መኖሩን ያወቁት ያኔ ነው፤ ለመሳቅ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሳልፍ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ «ሽንኩርቷ መጣች» ይላሉ። ልብሴን አሸተትኩት፤ ሳሙና ነው የሚሸተው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመቹን ከትምህርት ቤት እንዲወስደኝ አልጠይቀውም ነበር። ሁለት ተጫዋቾች ዱከም ፋብሪካ ሥራ አገኘን ብለው ቡድኑን ለቀቁ። ገመቹም አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣራውን እያየ «እዚያ በሰዓት የሚከፍሉ አሉ ይባላል» ሲል ሰማሁት። ለማን እንደተናገረ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ የሜዳችን ጨዋታ ቀን ነው። ተጋጣሚያችን ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ቡድን ነበር፤ ደጋፊዎቹ በከረጢት ሽንኩርት ይዘው መጥተዋል። ገና ከመጀመሩ በረኛው ላይ መወርወር ጀመሩ። ገመቹ ኳስ እየጠበቀ ሽንኩርት ይከላከላል። አባቴ ከሜዳው ዳር ዳኛውን ይጠራል፤ ዳኛው አይሰማም። እኔ አግዳሚው ሥር ተደብቄ ነበር።

እትዬ ዘነበች የመጡት ከሁሴን የመኪና ቁልፍ ለመቀበል ነበር። ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ሜዳው ላይ የተበተነውን ሽንኩርት ሲያዩ ግን ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው፣ ጨዋታው እየሄደ፣ ቀጥታ ሜዳው ውስጥ ገቡና ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ ቀሚሳቸው ውስጥ ይከቱ ጀመር። አንድ አጥቂ ሊያልፋቸው ሲል ሊገጫቸው ምንም አልቀረው።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። «እማማ! ይውጡ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምግብ እያነሳሁ ነው» አሉት ቀና ሳይሉ። «አንተም ብታግዘኝ ምናለ? ወጣት ነህ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ቀሚሳቸው ሲሞላ የፋብሪካው ደጋፊዎች ፊት ሄደው ቆሙ።

«ይህን ያበቀለው ገበሬ መቂ ላይ ሌሊት ውኃ ሲያጠጣ ያድራል» አሉ። «የተሸከመው ልጅ ትከሻው ቆስሏል። እናንተ የዛሬ ምሳችሁ ውስጥ ምን ነበረበት? እስቲ ሽንኩርት ያልበላ እጁን ያውጣ!»

እጁን ያወጣ አልነበረም። ከአግዳሚው ሥር ወጣሁ።

በሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ እትዬ ዘነበች ብቻቸውን አልመጡም። የአትክልት ተራ ሴቶች ሚዛናቸውን ዘግተው መጡ፤ ጫኝና አውራጆቹ የራስ ጨርቃቸውን ሳይፈቱ መጡ። ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ኳስ ከሜዳ ሲወጣ እልል ይላሉ፤ የእኛ ልጅ ሲወድቅ ዳኛውን ይራገማሉ፤ ተጋጣሚ ሲወድቅም «እኔን!» ብለው ያዝናሉ። «ክተፈው!» ሲባሉ መልስ አዘጋጅተው ነበር፤ ከበሮ እየመቱ «ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም! ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም!» ሲሉ ሜዳው ይናጋል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሊያዩአቸው መጡ፤ ከዚያ አብረዋቸው መጮህ ጀመሩ። አንዷ ነጋዴ ምሳ ታበስላለች፤ ሌላው ማሊያ አሳተመ። ደረቱ ላይ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ነበረበት፤ አባቴ መጀመሪያ ሲያየው ዓይኑን ጨፈነ፤ ገመቹ ግን ለብሶት አደረ። እኔም የስፖንሰሩ ሰውዬ ሳይመጣ መቅረቱን እየረሳሁ መጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን አልተለወጠም። እናቴ አሁንም ሬዲዮ አትከፍትም። እኔም በራችን ላይ ነጭ ፈረስ እጠብቃለሁ።

የባቱ ጨዋታ ቀን እናቴ ተረኛ ስለነበረች እኔ እትዬ ዘነበች መጋዘን ዋልኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የእትዬ ስልክ ጮኸ። «ሃሎ» አሉ። ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ሰው... ሰውስ?» አሉ። ስልኩን ሳይዘጉ እጄን ያዙኝ።

«የት ነው የምንሄደው እትዬ?»

«እናትሽ ጋ።»

በባጃጅ ሙሉ መንገዱን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው ያወቅሁት። ጨዋታው ዘግይቶ ነበር የጀመረው። ሲያልቅ ሚኒባሶቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ቡድን ሙሉ አይጭኑም። እየመሸ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ጆንያው ላይ ወጡ፤ አባቴ «ውረዱ» አላለም። እሱም አብሯቸው ወጣ። ዓለም ጤና አካባቢ አንድ የአህያ ጋሪ ድንገት መንገድ ገባ። ሁሴን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ። ቀይዋ ተገለበጠች።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ሽንኩርት ሸተተኝ። እዚያ ቦታ የማውቀው የአልኮልና የበረኪና ሽታ ነው፤ እናቴም እንደዚያ ነው የምትሸተው። ያን ቀን ግን ሁሉም ነገር የተጨፈለቀ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማሊያቸው ተቀዷል። አባቴ አግዳሚ ላይ ነበር። ፀጉሩ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ አለ። ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ።

«ሽንኩርቱ ነው አባዬ?»

አየኝ። «አዎ ቤዚ» አለ። «ሽንኩርቱ ነው።»

እናቴ ጓንት አድርጋ ከውስጥ ወጣች። እኔን አላየችኝም። አባቴ ፊት ቆመች፤ በትንሿ ባትሪ ዓይኑን አየች፤ ጭንቅላቱን ዳበሰች፤ ጣቶቹን አንቀሳቅስ አለችው። ሌላውን ሰው እንደምታደርገው ነው ያደረገችው። ከዚያ ወደ ባልደረባዋ ዞራ «ይሄ ደህና ነው» አለች። ስሙን አልጠራችም። ተመልሳ ገባች።

የሞተ ሰው አልነበረም። ሁሴን ጭንቅላቱ ተሰፋ። የአንዱ ተከላካይ ትከሻ ወለቀ። የገመቹ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እናቴና አባቴ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው።» «እናትሽን ቁልፉ የት ነው በያት።» ምግቡን ታቀርብለታለች፤ የተላጠ ክርኑን ፋሻ ትቀይርለታለች፤ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች። ጎረቤት አንዷ «በኳስ ምክንያት ትዳር ሊፈርስ!» ስትል ሰማሁ። ያ ቃል እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ግድግዳ አልፈተሽኩም።

እትዬ ዘነበች መጥተው እናቴ ፊት ቆሙ፤ ተቀመጡ ብትላቸውም አልተቀመጡም። «አስቴር፣ ልክ አንቺ ነበርሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የእርስዎ ብቻ አይደለም እትዬ» አለች እናቴ። አባቴ ወለሉን እያየ ነበር።

ዲኑ ቡድኑ ከእንግዲህ አንድም ጨዋታ እንዳይሄድ አዘዙ። አንድ ጨዋታ ነበር የቀረው፤ መቂ ላይ። ካልተጫወቱት ከውድድሩ ይሰረዛሉ፤ ከተሰረዙ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚጠየቅለት ቡድን አይኖርም። እኔ ይህን አልተረዳሁም። የሰማሁት እትዬ ዘነበች «ሽማግሌ እንልካለን» ማለታቸውን ነው።

ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው። ዲኑ ሴት ልጅ እንዳለቻቸው አውቃለሁ። እየሮጥኩ ሰርቪስ ቤት ገባሁ። ገመቹ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ተኝቷል።

«የዲኑን ልጅ ሊያጋቡህ ነው!» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጀሶው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነው። «ክንዴ ተሰብሮ ማን ይድረኛል ቤዛ ኮ?» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ሄደ። «ለቡድኑ ነው የሚለምኑት» አለኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «እምቢ ካሉ እኔ አቦምሳ እሄዳለሁ። በአንድ እጅ ዱከምም አይቀጥረኝ።»

ዲኑ ቢሮ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሄድኩ፤ የሚያግደኝ አልነበረም፤ ሁሉም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። የገበያው ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው መጥተዋል። ሴት ሽማግሌ ትሆናለች ወይ ያሉ ነበሩ፤ እትዬ «መንገድ ላይ የተደፋው ሽንኩርት የማን ነው?» አሏቸውና ከፊት ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ዲኑ።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ልጅዎን ልንለምን ነው የመጣነው። ቡድኑን።»

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አድርጌ ነበር የማስባቸው። ዓይናቸው ሥር ጠቁሮ ነበር።

«አንድ ልጅ ቢሞት ኖሮ እናቱን የማናግራት እኔ ነኝ» አሉ። «እኔም እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልተኛሁም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም» አሉ። «ስለዚህ ከእንግዲህ አውቶብስ ነው። በሕግ፣ በመቀመጫ፣ በቀን። ወጪውን ገበያው ይችላል። ከእርስዎ የምንፈልገው ፈቃድዎንና የልጆቹን ማደሪያ ነው።»

ዲኑ በመስኮት ወደ ሜዳው አዩ። «የጤና ባለሙያ አብሮ ካልሄደ አልፈርምም» አሉ በመጨረሻ።

«ተቀመጡ» አሉ ሽማግሌው ለሌሎቹ። ሁሉም ተቀመጠ።

ማታ እትዬ ዘነበች እቤት መጥተው ነርስ እንድትፈልግላቸው እናቴን መለመን ጀመሩ። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን ሳታስቀምጥ «እኔ ነኝ የምሄደው» አለች። «ሌላ ሰው አላምንም።»

መቂ የሄድነው በቅጥቅጥ አውቶብስ ነው፤ ከኋላችን የገበያው ሴቶች የሞሉበት ሌላ አውቶብስ አለ። እናቴ የድንገተኛ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች። አባቴ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። ዓለም ጤና ስንደርስ ዘፈኑ ቆመ። መንገዱ ዳር የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ በነፋስ ይሽከረከራል። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ። እናቴ የወንበሩን ብረት ጨብጣ ነበር፤ ያን ቦታ እስክናልፍ አለቀቀችውም።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። «ክተፈው!» ገና ሳንወርድ ተጀመረ። ነገር ግን የመቂ ሽንኩርት አምራቾች እትዬ ዘነበችን ሲያዩ ግራ ተጋቡ፤ ለዓመታት ምርታቸውን የሚሸጡላቸው ሴትዮ ናቸው። አንዳንዶቹ ሰላም ሊሏቸው መጥተው በዚያው እኛ ጋ ቆመው ቀሩ። ከበሮው ሲመታ እነሱም በገዛ ከተማቸው ላይ «ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም!» አሉ። ገመቹ ጀሶውን ደረቱ ላይ አጣብቆ ከጎሉ ኋላ ቆሞ ለተጠባባቂው በረኛ ይጮኻል፤ «ባኢ! ባኢ!» ውጣ፣ ውጣ ማለቱ ነው። አጭሩ በረኛ አንዱን ሲያወጣ አንዱን ይለቃል። ቀድመው አገቡብን። ከዕረፍት በኋላ አቻ ሆንን። ሁልጊዜ ለምንሸነፈው ለእኛ አቻ ይበቃን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ እኔ አላየሁም፤ የእናቴን ፊት ነው ያየሁት። ልጆቹ ሲወድቁ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሲነሱ ትተነፍሳለች። ጨዋታው በዚያው በአቻ አልቆ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የአንዱን ጉልበት እያሰረች ነበር፤ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡትም ፋሻውን ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ እንሂድ ያለችው እሷ ናት። አውቶብሱ በር ላይ ቆመች። ልጆቹ እየዘፈኑ ሲገቡ የእያንዳንዱን ትከሻ ትነካለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ታስገባዋለች። ገመቹን ጀሶውን አይታ «ቀስ» አለችው። እኔን ገፋ አደረገችኝ። መጨረሻ ላይ አባቴ ብቻ ቀረ። የኳስ መረቡን ተሸክሞ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ እንደተለመደው በእኔ በኩል የሚነገረውን የሚጠብቅ ይመስላል። እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ካሳ» አለችው። «ግባ።»

ገባ። እሷም ተከትላው ገባችና በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው።